በጦርነት መካከል የተካሄደ ምርጫ፦ የምስራቅ ስሪላንካ ሙስሊሞችና የ2008ቱ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 10 ቀን 2008 የምስራቅ ስሪላንካ ሕዝብ የክፍለ ሀገሩን ምክር ቤት ለመምረጥ ወጣ። በዋዜማው በአምፓራ ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ከ10 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በምርጫው ዕለት ገና ሳይነጋ ደግሞ የታሚል ታይገር የባሕር ተዋጊዎች በትሪንኮማሊ ወደብ የቆመ የባሕር ኃይል የጭነት መርከብ አሰመጡ። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል መንግሥትና አማፂው በየቀኑ ይዋጉ ነበር። ምርጫ ጣቢያዎቹ ግን ተከፈቱ፤ ሰዉም ተሰለፈ።

ብዙዎቻችን ስሪላንካውያንን የምናውቃቸው በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት አብረውን በሰው ቤት ሲሠሩ ነው። ከዚያ የዘለለ ወሬ የደረሰን በ2019 በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች ላይ ከተፈጸመው ጥቃት በኋላ ነበር። በዚያች አገር ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ሙስሊም መሆኑን፣ ሙስሊሞቹም 26 ዓመት በዘለቀ ጦርነት ውስጥ የማንኛውም ተፋላሚ ወገን ሳይሆኑ የሁለቱንም ክንድ እንደቀመሱ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የ2008ቱን ምርጫ የመረጥነው ለዚህ ነው። ከሚዋጉት ከሁለቱም ያልሆነ ማህበረሰብ በጦርነት ጊዜ ኮሮጆ ሲቀርብለት ምን ያገኛል? ምንስ አያገኝም? የምስራቅ ስሪላንካ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የሚነበብ መልስ አለው።

ሦስተኛው ማህበረሰብ

ከስሪላንካ ሕዝብ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ሲንሃላ ሲሆን አብዛኛው ቡድሂስት ነው። ታሚሎች በብዛት ሂንዱ ናቸው፤ ክርስቲያኖችም አሉባቸው። ፖርቹጋሎች ሲመጡ "ሙር" ብለው የሰየሟቸው ሙስሊሞች ደግሞ በአብዛኛው የሚናገሩት ታሚልኛ ነው፤ ራሳቸውን የሚቆጥሩት ግን ታሚል ብለው አይደለም። ማንነታቸው በሃይማኖታቸው ይጠራል። የኋላው ችግር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። የታሚል ንቅናቄ "በቋንቋ አንድ ነን" ሲላቸው፣ የኮሎምቦ መንግሥት ደግሞ "ከታሚሎች የተለያችሁ ናችሁ" ይላቸው ነበር። ሁለቱም ይህን የሚሉት ድምፃቸውን ሲፈልጉ ነው።

በአገር ደረጃ ጥቂት ቢሆኑም በምስራቅ ክፍለ ሀገር ሁኔታው ይለያል። በ2012ቱ ቆጠራ መሠረት የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ 1.55 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ታሚሎች 40 በመቶ፣ ሙስሊሞች 37 በመቶ፣ ሲንሃላዎች 23 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ሦስት ወረዳዎች አሉት፦ ትሪንኮማሊ፣ ባቲካሎዋና አምፓራ። ባቲካሎዋ የታሚሎች ብዛት የጎላበት ነው። በአምፓራ ከሦስቱ ማህበረሰቦች ትልቁ ሙስሊሙ ነው። በባሕሩ ዳርቻ መንገድ የሚጓዝ ሰው አንዱ ከተማ ላይ መስጂድ፣ ቀጥሎ ባለው ላይ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ ከዚያ እንደገና መስጂድ ያያል። ማንም ብቻውን አብላጫ የለውም፤ ማንም ያለሌላው ማስተዳደር አይችልም።

1990

የምርጫውን ክብደት ለመረዳት ወደ 1990 መመለስ ግድ ነው። ኦገስት 3 ቀን 1990 ማታ፣ በባቲካሎዋ አቅራቢያ ባለችው በካታንኩዲ ከተማ ታጣቂዎች በሁለት መስጂዶች ውስጥ የዒሻ ሶላት በመስገድ ላይ በነበሩ ሰዎች ላይ ተኩስ ከፈቱ። ከ100 በላይ ሰጋጆች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ተገደሉ። የጥይቱ ፍንጣሪ የበሳው የመስጂድ ግድግዳ ዛሬም ሳይለሰን ለመታሰቢያ ተትቷል። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ በኤራቩር ከተማ ተመሳሳይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። ለሁለቱም ተጠያቂ የተደረገው የታሚል ኢላም ነፃ አውጪ ነብሮች፣ በተለምዶ ታሚል ታይገር የምንለው ድርጅት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ድርጅቱ በሰሜን ክፍለ ሀገር የሚኖሩትን ሙስሊሞች በሙሉ አባረረ። ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። የጃፍና ከተማ ሙስሊሞች ለመውጣት የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነበር።

በዚያን ጊዜ የድርጅቱ የምስራቅ አዛዥ "ካሩና" በሚለው የጦር ስሙ የሚታወቀው ሰው ነው። አንባቢ ይህን ስም ይያዝልን፤ ወደ ኮሮጆው ስንደርስ ያስፈልገናል።

ምክር ቤቱ ከየት መጣ?

የክፍለ ሀገር ምክር ቤቶች የተወለዱት በጁላይ 1987 ሕንድና ስሪላንካ ከተፈራረሙት ስምምነትና እሱን ተከትሎ ከወጣው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ሐሳቡ ለታሚሎች የራስ አስተዳደር በመስጠት ጦርነቱን ማብረድ ነበር። ለዚህም ሰሜንና ምስራቅ ክፍለ ሀገራት "ለጊዜው" አንድ እንዲሆኑ ተደረገ። የምስራቅ ሙስሊሞች በዚህ ላይ አልተጠየቁም። በምስራቅ ሲሶ የነበረው ድርሻቸው በተዋሐደው ክፍለ ሀገር ውስጥ ግማሽ ያህል ወረደ።

በአሽረፍ የሚመራው የስሪላንካ ሙስሊም ኮንግረስ ፖለቲካዊ ጉልበቱን ያገኘው በዚህ ቅሬታ ላይ ቆሞ ነው። አሽረፍ የምስራቅ ተወላጅ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። የእሳቸው ጥያቄ በሕንድ አገር እንዳለችው እንደ ፖንዲቼሪ፣ መሬታቸው ባይያያዝም የሙስሊም አካባቢዎች በአንድ ምክር ቤት እንዲተዳደሩ ነበር። ይህ አልተሳካም። ሆኖም ኖቬምበር 19 ቀን 1988 ለተዋሐደው ክፍለ ሀገር ምርጫ ሲጠራ ኮንግረሱ ገባ። የሕንድ ሠራዊት በአገሩ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ታይገሮች ምርጫውን አውግዘው ሕዝቡን ያስፈራሩ ነበር። በሰሜን መቀመጫዎቹ ያለ ውድድር ተሞሉ። በምስራቅ ግን ሕዝቡ ወጥቶ መረጠ፤ ከ35ቱ መቀመጫዎች ኮንግረሱ 17 አገኘ። የሕንድ ድጋፍ የነበረው የታሚል ድርጅትም በምስራቅ 17 አገኘ፤ አንዱ ለተባበረው ብሔራዊ ፓርቲ ሆነ። ከሰሜኑ ጋር ሲደመር ግን 17ቱ ከ71 ነበሩና ሙስሊሞቹ ተቃዋሚ ሆነው ተቀመጡ። ምክር ቤቱም ዕድሜ አላገኘም። በ1990 የሕንድ ሠራዊት ሲወጣ ዋና ሚኒስትሩም አብረው አገር ጥለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመት ሌላ ምርጫ አልተደረገም። ውሕደቱን ያፈረሰው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ኦክቶበር 2006 የተዋሐዱበት አሠራር ሕጋዊ አይደለም ብሎ ፈረደ። ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ ምስራቅ ለብቻው ክፍለ ሀገር ሆነ።

ጦርነቱ በምስራቅ

ፍርዱ ሲሰጥ ምስራቁ እየነደደ ነበር። ጁላይ 2006 ታይገሮች ማቪል አሩ በተባለ ቦታ የመስኖ ውኃ በር ዘጉ፤ ሠራዊቱም በዚያ ምክንያት ዘመቻ ጀመረ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ታይገሮች ሙቱር የተባለችውን የሙስሊም ከተማ ሲያጠቁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ሸሹ። በዚያችው ከተማ 17 የእርዳታ ሠራተኞች በግቢያቸው ውስጥ ተረሽነው ተገኙ። አሥራ ስድስቱ ታሚሎች፣ አንዱ ሙስሊም ነበሩ። እስካሁን በዚህ ግድያ ማንም አልተፈረደበትም። እስከ ጁላይ 2007 ድረስ መንግሥት ምስራቁን ሙሉ በሙሉ ተቆጣጠረ።

መንግሥት ያሸነፈው ብቻውን አይደለም። ካሩና በማርች 2004 ከታይገሮች ተገንጥሎ ነበር፤ ተከታዮቹም ከሠራዊቱ ጎን ቆሙ። እሱ በለንደን በሐሰተኛ ፓስፖርት ታስሮ በነበረበት ጊዜ ቡድኑን የመራው ፒላያን ተብሎ የሚጠራው ሲቫኔሳቱራይ ቻንድራካንታን ነው። ቡድኑ "የታሚል ሕዝብ ነፃ አውጪ ነብሮች" ተብሎ በፓርቲነት ተመዘገበ፤ መሣሪያውን ግን አላስቀመጠም። ሕፃናትን ለውትድርና በመመልመልም የተባበሩት መንግሥታት ከሶት ነበር። ማርች 2008 በባቲካሎዋ የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ አሸነፈ። ከሁለት ወር በኋላ የክፍለ ሀገሩ ምርጫ ተራ ደረሰ።

ሁለት ዝርዝር፣ የተከፈለ ድምፅ

የፕሬዚዳንት ማሂንዳ ራጃፓክሳ ገዥ ጥምረት ለምርጫው ያቀረበው ዝርዝር ለታሪክ የሚገርም ነው። በባቲካሎዋ ወረዳ ፒላያንና የቀድሞ ታጣቂዎቹ በአንድ በኩል፣ የካታንኩዲው ተወላጅ ሒዝቡላህ በሌላ በኩል በአንድ ወረቀት ላይ ሰፈሩ። (ስሙ የሰው ስም ነው፤ ከሊባኖሱ ድርጅት ጋር አይገናኝም።) በሶላት ላይ አባቱን ያጣ የካታንኩዲ ሰው፣ ለከተማው ልጅ ድምፅ ሲሰጥ ድምፁ መጀመሪያ የሚቆጠረው በካሩና ልጆች ለሚጋሩት ዝርዝር ነው።

የአገሪቱ የምርጫ ሕግ እንዲህ ነው፦ መራጩ መጀመሪያ ፓርቲ ይመርጣል፣ ከዚያ በዚያው ፓርቲ ዝርዝር ውስጥ እስከ ሦስት ለሚደርሱ ዕጩዎች ምልክት ያደርጋል። ፓርቲው ያገኘው መቀመጫ ብዙ የግል ምልክት ላገኙት ይደርሳል። በወረዳዎች 35 መቀመጫ ይሞላል፤ በክፍለ ሀገሩ አንደኛ የወጣ ፓርቲ ሁለት ተጨማሪ መቀመጫ ይሸለማል።

ሌላው የሙስሊም ጎራ በተቃራኒው ተሰለፈ። አሽረፍ በ2000 በሄሊኮፕተር አደጋ ከሞቱ በኋላ ኮንግረሱን የሚመሩት ረኡፍ ሐኪም ከሁለት የፓርላማ ጓዶቻቸው ጋር የፓርላማ ወንበራቸውን ለቀው ለክፍለ ሀገሩ ተወዳደሩ። ኮንግረሱ በራሱ ምልክት ሳይሆን ከተባበረው ብሔራዊ ፓርቲ ጋር በዝሆኑ ምልክት ስር ገባ። ለዚህ ያደረሳቸው ስሌት የሚገባ ነው፦ የታሚሎቹ ትልቁ ጥምረት የምስራቅን መነጠል ስለማይቀበል ከምርጫው ወጥቷል፤ ስለዚህ ሙስሊሙ በአንድነት ከቆመ ዋና ሚኒስትሩ ሙስሊም ይሆናል።

በአንድነት ግን አልቆመም። በገዥው ወገን የነበሩ የሙስሊም ሚኒስትሮችም ተመሳሳይ ተስፋ ይዘው ነበር፦ በዝርዝራቸው ብዙ ሙስሊም ከተመረጠ ሹመቱ ለሙስሊም እንደሚሆን። ሁለቱም ጎራ ለመራጩ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ብቻ ይለያያል።

ውጤቱ

ከ980,000 በላይ ከተመዘገቡ መራጮች ወደ 66 በመቶ የሚሆኑት መረጡ። የአገር ውስጥ ታዛቢዎች በበርካታ ጣቢያዎች ማስፈራራት፣ በሌላ ሰው ስም መምረጥና ኮሮጆ መሙላት እንደነበረ ዘገቡ፤ ተቃዋሚዎች ውጤቱን አልቀበልም አሉ። የመንግሥት ምላሽ ምርጫው ሰላማዊ ነበር የሚል ነው። ኦፊሴላዊው ቁጥር ይህን ይመስላል፦

በአምፓራ ገዥው ጥምረት 144,247 ድምፅና 8 መቀመጫ፣ የተባበረው ብሔራዊ ፓርቲ 121,272 ድምፅና 6 መቀመጫ። በባቲካሎዋ ገዥው 105,341 ድምፅና 6 መቀመጫ፣ ተቃዋሚው 58,602 ድምፅና 4፣ አንድ መቀመጫ ለአነስተኛ የታሚል ጥምረት። በትሪንኮማሊ ግን ተቃዋሚው መራ፦ 70,858 ድምፅና 5 መቀመጫ፣ ገዥው 59,298 ድምፅና 4፣ አንዱ ለግራ ዘመሙ ጄ.ቪ.ፒ.።

እንደ መምህር ሰሌዳ ላይ እንደምር። ገዥው ጥምረት በወረዳ ያገኘው 18 ነው፤ የተቀሩት ሁሉ 17። የአንድ ወንበር ልዩነት ማለት ነው። ሁለቱ የሽልማት መቀመጫዎች ሲጨመሩ 20 ለ17 ሆነ። የሒዝቡላህ ወገን እንደሚለው ከገዥው ዝርዝር ከተመረጡት ስምንቱ ሙስሊሞች ነበሩ። ስምንቱ ቢነሱ ገዥው ጥምረት 12 ይቀረዋል። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ሥልጣን የሚሰጠውም የሚነሳውም ቁልፍ በሙስሊም ተመራጮች እጅ ነበር፤ ቁልፉ ግን በሁለት ኪስ ተከፍሎ ተቀመጠ።

የሹመቱ ሳምንት

ሕገ መንግሥቱ ከግማሽ በላይ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ካለ ገዥው የዚያን ፓርቲ መሪ ዋና ሚኒስትር አድርጎ ይሾማል ይላል። መሪው ማን ነው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነበር። ሒዝቡላህ ቃል የተገባልን ብዙ ተመራጭ ላለው ማህበረሰብ ነው አሉ። ፒላያን በበኩላቸው በባቲካሎዋ ከፍተኛውን የግል ምልክት ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ምስራቁን ነፃ ለማውጣትም ደም የከፈለው የኔ ወገን ነው አሉ። ለቀናት ድርድር ተደረገ፤ ድርድሩ የተደረገው ግን በትሪንኮማሊ ባለው ምክር ቤት ሳይሆን በኮሎምቦ ነው።

ሜይ 16 ፒላያን በ32 ዓመታቸው በፕሬዚዳንቱ ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ቀን በኮሎምቦ መሐል አንድ አጥፍቶ ጠፊ ፖሊሶችን የጫነ አውቶቡስ መትቶ ሰዎች ገደለ። ሒዝቡላህ በቅሬታ ከቡድኑ ራሳቸውን አገለሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ተመልሰው የክፍለ ሀገሩ ጤና ሚኒስትር ሆኑ።

ከቃለ መሐላው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ካታንኩዲ ላይ ሁለት የፒላያን ፓርቲ ሰዎች ተገደሉ፤ በበቀል ሙስሊሞች ተገደሉ። ሱቆች ተዘጉ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ በሁለቱ ማህበረሰቦች ድንበር ላይ ያሉ ቤተሰቦች ለቀናት ከቤታቸው ርቀው አደሩ። ምርጫው ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሯቸው ነበር፤ በመንደር ግን የ1990 ትዝታ እንዳለ ነው።

ለምን ፒላያን? የኛ ግምት ቀላል ነው። በሰሜን የሚካሄደው ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። መንግሥት ምስራቁን ጸጥ አድርጎ የሚይዝለት የታጠቀ የታሚል ኃይል ያስፈልገዋል፤ ለዓለምም "የታሚል ታጣቂ መሣሪያ ትቶ በምርጫ ሥልጣን ያዘ" የሚል ታሪክ ያስፈልገዋል። ሒዝቡላህ ይህን ሊሰጡ አይችሉም። ስምንት መቀመጫ ነበራቸው እንጂ ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ በማዕከል ያሉት የሙስሊም ሚኒስትሮችም ወንበራቸውን አስይዘው ሊከራከሩላቸው አልፈለጉም። ሌላው ጎራ ደግሞ ተቃዋሚ ወንበር ላይ ነው፤ እሳቸውን ሊረዳ ቢፈልግ እንኳ ከሳምንታት በፊት በመድረክ የተሰዳደቡትን መርሳት ይጠይቅ ነበር።

መንግሥት ከዚህ የወሰደው ትምህርት ምርጫን ለጦርነቱ ድጋፍ መለኪያ ማድረግ ነው። ከኦገስት 2008 እስከ ኤፕሪል 2009 የሌሎች ክፍለ ሀገራትን ምርጫ አንድ በአንድ እያደረገ ሁሉንም አሸነፈ። ጦርነቱ ሜይ 2009 አለቀ።

ዋና ሚኒስትሩ ምን ነበራቸው?

ፒላያንም ቢሆኑ ያገኙት ሥልጣን ቀጭን ነበር። 13ኛው ማሻሻያ ለክፍለ ሀገራት መሬትና ፖሊስ ይሰጣል፤ በተግባር ሁለቱም ከኮሎምቦ እጅ አልወጡም። ከምክር ቤቱ በላይ በፕሬዚዳንቱ የሚሾም ገዥ አለ። በዚያን ጊዜ የምስራቅ ገዥ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ሪር አድሚራል ነበሩ። ለሙስሊሙ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ዋናው ጉዳይ በጦርነቱ ያጣው መሬትና ባሕር ስለነበር፣ ዋና ሚኒስትሩ ማንም ቢሆን ጥያቄው የሚመለሰው ከዚያ ምክር ቤት አልነበረም።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው ሴፕቴምበር 2012 ነው። በሰላም ጊዜ በተደረገው በዚህ ምርጫ የታሚሎቹ ጥምረት ገባ፤ ኮንግረሱም ለብቻው ተወዳደረ። ገዥው 14፣ የታሚሎቹ ጥምረት 11፣ ኮንግረሱ 7፣ የተባበረው ብሔራዊ ፓርቲ 4፣ አንድ አነስተኛ ፓርቲ 1 አገኙ። አሁን ቁልፉ በአንድ ኪስ ነበር። የታሚሎቹ መሪ ሳምፓንታን ዋና ሚኒስትርነቱን ለኮንግረሱ እንደሚለቁ በይፋ አቀረቡ። ኮንግረሱ ግን በማዕከል ከመንግሥት ጋር ነበርና ከገዥው ጥምረት ጎን ቆመ። ዋና ሚኒስትር የሆኑት ከገዥው ዝርዝር የተመረጡት ናጂብ አብዱል መጂድ ናቸው፤ በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ሙስሊም። የራጃፓክሳ መንግሥት በ2015 ሲወድቅ ወንበሩ ለኮንግረሱ ሐፊዝ ነዚር አሕመድ ተላለፈ፤ በዚህ ጊዜ የታሚሎቹ ጥምረት አብሯቸው በካቢኔው ገባ። ከሦስቱም ማህበረሰብ የተውጣጣ አስተዳደር ያየው ክፍለ ሀገር ያን ጊዜ ነው።

ፒላያን በ2015 በአንድ የታሚል የፓርላማ አባል ግድያ ተጠርጥረው ታሰሩ። ኦገስት 2020 እስር ቤት ሆነው ለፓርላማ ተመረጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ክሱ ተቋረጠ። ሒዝቡላህ በ2019 መጀመሪያ የምስራቅ ገዥ ተደርገው ተሾሙ። ከጥቃቱ በኋላ በተነሳው ፀረ ሙስሊም ግፊት ጁን ላይ ለቀቁ።

የምክር ቤቱ ዘመን ሴፕቴምበር 2017 መጨረሻ ላይ አበቃ። የምርጫ ሕጉን ለመቀየር ተጀምሮ የወረዳ ክለላው በፓርላማ ስላልጸደቀ ለክፍለ ሀገራት ምርጫ ሳይጠራ ዓመታት አለፉ፤ በእነዚህ ዓመታት ምስራቁን የሚያስተዳድረው ከኮሎምቦ የሚሾመው ገዥ ሆነ።